በሣርና በሸምበቆ ውስጥ ስለሚገኙ አእምሮን የሚያውኩ አልካሎይዶች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዚህ ንግግር ርእስ በጉባኤው መርሐ ግብር ላይ ታትሞ እንደ ወጣ አንድ የቆየ ባልደረባዬ ስልክ ደውሎ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ሥር ማሽ የሆንከው?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱ አላስከፋኝም። የተማርኩት የውሃ ምሕንድስና ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ የሠራሁትም የመስኖ ቦይ፣ እርከን፣ ክትርና የጎርፍ መቀልበሻ ነው። ስለ አልካሎይድ የማውቀው ሁሉ ኋላ ተገድጄ የተማርኩት ነው። ያስገደደኝም በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ አንድ መስመር ተኩል የማይሞላ የሥራ ዝርዝር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋማ ተፋሰስ ውስጥ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና ከግርጌው የሚገኘውን የእርከን ሥራ ነድፌ ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው፣ አፈሩ የተራቆተ፣ በመካከሉ የሚያልፈው ቦረቦር በየክረምቱ ማሳ እየገመሰ የሚሰፋበት ነው። የቦዩ ጎንና ጎን እንዳይሸረሸር «የግራና የቀኙ ተዳፋት በፋላሪስ ሣር ይሸፈን» ብዬ ጻፍኩ። ፋላሪስን የመረጥኩት ራሴ አዲስ ነገር ልፍጠር ብዬ አይደለም፤ በሀገራችን ደጋማ ተፋሰሶች እርከንን ለማጽናት ሲሠራጭ የኖረ ሣር ነው። ሥሩ ጠልቆ አፈር ይይዛል፤ ብርድ ይችላል፤ ውሃ ቢተኛበት አይሞትም፤ ድርቁን አሳልፎ እንደገና ያቆጠቁጣል። መሐንዲስ ከሣር የሚፈልገውም ይኽንኑ ነው። ሣሩ ጸደቀ፤ ቦዩም አልተናደም። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ የሥራ ጓደኞቼን እየወሰድኩ በኩራት የማሳየው ሥራ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት በልግ ቀረ። ሰኔ ገብቶ ጥቂት ዝናብ እንደ ጣለ፣ ሸንተረሩ ሁሉ ገና ደርቆ ሳለ፣ በቦዩ ዳርና ዳር ያለው ፋላሪስ ብቻ ለምለም ቡቃያ አወጣ። መኖ ያጣ ገበሬ ለምለም ሣር አይቶ እንዴት ያልፋል? ከቦዩ ግርጌ የሚኖሩ አንድ አዛውንት 11 በጎቻቸውን እዚያው አሰማሩ። ሦስት ሳምንት ያኽል እንደ ቆየ በጎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ጡንቻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እግራቸውን አንፈራጠው የሚቆሙ፣ ሲነዷቸውም እንደ ጥንቸል እየዘለሉ በጎናቸው የሚወድቁ ሆኑ። የወደቀው በግ ጥቂት ሲንፈራገጥ ይቆይና ሰው ከራቀው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ደግሞ ይወድቃል። የአካባቢው ሰው «አዙሪት ነው» አለ። አዙሪት በደጋ በጎች ዘንድ የታወቀ በሽታ ስለሆነ ግምቱ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን አራተኛዋ በግ በሞተች ጊዜ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ራሷን ከፍቶ ቢያይ፣ የአዙሪት ምልክት የሆነው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በአንጎሏ ውስጥ አልተገኘም።

እኔ ወደ ስፍራው የደረስኩት ለሌላ ጉዳይ፣ ክትሮቹን ለመመልከት ነበር። አዛውንቱ ቦዩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ይኽን ሣር የተከላችሁት ለአፈሩ ነው ለበጉ?» አሉኝ።

«ለአፈሩ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲያማ አፈሩ አለ። የሄዱት በጎቹ ናቸው» አሉ።

ከሞቱት በጎች ወደ ላቦራቶሪ የተላከ ናሙና ስላልነበረ፣ ገዳያቸው ፋላሪስ ነው ብዬ በችሎት ፊት ልምል አልችልም። ነገር ግን ያየሁትንና የሰማሁትን ምልክት በሌላው ዓለም ስለዚሁ ሣር ከተጻፈው ጋር ባመሳከርኩ ጊዜ የአንድ ሰው ጽሑፍ እስኪመስል ድረስ ገጠመ። ከዚህ በታች የማቀርበው ያንኑ ያነበብኩትን ነው። ዓመታቱን የምጠራው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አልካሎይድ የሚባሉት ዕፅዋት ናይትሮጅንን አስገብተው የሚሠሯቸው፣ አብዛኞቹም በጥቂቱ ሲወሰዱ የእንስሳትን የሰውነት አሠራር ለመለወጥ የሚችሉ ውህዶች ናቸው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም። ዛሬ ጠዋት የጠጣነው ቡና ካፌይን አለበት፤ የጫትም ኃይል ካቲኖን ከተባለው ነው። የሣር ወገን ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ሣር የዋህ ነው። ከብት የሚበላው፣ ቤት የሚከደንበት ነው። ጤፉም፣ ስንዴውም፣ ገብሱም፣ በቆሎውም ከሣር ወገን ናቸው። እንግዲህ ሣር አእምሮ ያውካል ቢባል ማን ያምናል?

የፋላሪስ አልካሎይዶች መነሻ ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። የእኛም አካል ከዚሁ ከትሪፕቶፋን ሴሮቶኒንን ይሠራል፤ ሴሮቶኒን በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ መልእክት ከሚያቀባብሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ሣሩ በበኩሉ ከዚያው ጥሬ ዕቃ ተነሥቶ በጥቂት እርምጃ ዳይሜቲልትሪፕታሚንን፣ በአጭሩ ዲኤምቲን፣ እንዲሁም ከእርሱ የሚቀራረበውን 5-ሜቶክሲ-ዲኤምቲን ይሠራል። እነዚህ ከሴሮቶኒን ጋር ያላቸው ዝምድና ከአንድ መጋዘን እንደ ወጡ ብሎኖች ነው፤ ጥርሳቸው አንድ፣ ርዝመታቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። ለሴሮቶኒን የተዘጋጀው ቀዳዳ ይቀበላቸዋል፤ ከገቡ በኋላ የሚያስከትሉት ግን ሴሮቶኒን የሚያስከትለውን አይደለም።

ዲኤምቲን በ1931 በቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በካናዳ ይኖር የነበረው ኬሚስት ሪቻርድ ማንስኬ ነው። ማንስኬ የሠራው ነገር በሰው አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርስ አላወቀም። ይኽ የታወቀው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ስቲቨን ሳራ የተባለ የሀንጋሪ ሐኪም በቡዳፔስት በገዛ ሰውነቱ ላይ በመርፌ በሞከረው ጊዜ ነው። በዓይኑ ፊት የሌለ ነገር ሲመላለስ አየ፤ ሁኔታውም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አለፈ። በመርፌ የሞከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ንጥረ ነገሩ ብቻውን በአፍ ሲወሰድ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በአንጀትና በጉበት ውስጥ ያፈርሰዋልና ኃይል አይኖረውም። በፋላሪስ ውስጥ ግን ቤታ ካርቦሊን የሚባሉ ሌሎች አልካሎይዶችም አብረው ይገኛሉ፤ የዚህ ወገን ውህዶች ብዙዎቹ ይኽንኑ ኢንዛይም የሚገቱ ናቸው። ሣሩ መርዙንና የመርዙን ተከላካይ የሚያሰናክለውን አንድ ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። በጉም እንደ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ቀምሶ አይተወውም፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳምንት ከሳምንት ይግጣል።

በዚህ ጉዳይ ከማንም ይልቅ የተጎዱትም የተመራመሩትም አውስትራልያውያን ናቸው። ፋላሪስ አኳቲካ የተባለው ዝርያ የሜዲትራንያን ባሕር አካባቢ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ አውስትራልያ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ገብቶ በኩዊንስላንድ ከምትገኘው ከቱዉምባ ከተማ ተሠራጨ። ሣሩ ለእኔ የሰጠኝን ጥቅም ሁሉ ለእነርሱም ሰጠ፤ ድርቅን ቻለ፣ አፈርን ያዘ፣ በጎችን አደለበ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ግን በደቡብ አውስትራልያ በዚህ ሣር የተሰማሩ በጎች የሚንገዳገዱበትና የሚወድቁበት በሽታ ተመዝግቦ ወጣ፤ ስሙም «የፋላሪስ መንገድገድ» ተባለ። የዚህ በሽታ ክፉ ጠባይ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። በጎቹ ከሣሩ ተነሥተው ወደ ሌላ መስክ ከተዛወሩ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ በጤና ሸጦ ገዢው በሽተኛ ይረከባል። የሞቱት በጎች ሲመረመሩ በኩላሊታቸውና በአንጎላቸው ግንድ ውስጥ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ቀለም ተጠራቅሞ ይገኛል፤ የነርቭ ሕዋሶቻቸው ውስጥ የተቀመጠው ይኸው ቀለም በሽታውን ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቅ ነው። እኛ ያንን የአራተኛዋን በግ ራስ ስንከፍት ከረጢት ፈልገን አጣን፤ ቀለሙን ግን ማንም አልፈለገም፤ መፈለግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

ሌላም የሚያስገርም ነገር ነበር። አንዱ መስክ በጎቹን ሲጥል፣ ያው ሣር የተዘራበት ሌላው መስክ ምንም አያደርግም። መልሱ የመጣው ከሣሩ ሳይሆን ከአፈሩ ነው። በ1953 ሊ እና ኩቸል የተባሉ የአውስትራልያ ተመራማሪዎች በሽታው የሚበረታው ኮባልት ባነሰው አፈር ላይ መሆኑንና ለበጎቹ ኮባልት አዘውትሮ በአፍ ቢሰጥ በሽታውን እንደሚከላከል አስታወቁ። ኮባልት በአመንዣጊ እንስሳት ሆድ ውስጥ ቪታሚን ቢ12 እንዲሠራ የሚያስፈልግ ማዕድን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ስለዚህ ቪታሚኑን ራሱን በመርፌ መስጠት ይበቃል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ግን አልበቃም። መከላከያው ኮባልቱ ራሱ በሆድ ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ከዚህ በመነሣት በሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን መርዙን እንዲያፈርሱ ይረዳቸዋል ተብሎ ይታሰባል። ከገቡ በኋላ ግን ፈውስ የለውም፤ ኮባልት አስቀድሞ የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ መሐንዲስን ደስ የሚያሰኝ ነገር ስላለ ጥቂት ልዘግይ። ለሺህ በጎች በየሳምንቱ ኮባልት መጋት የማይቻል ነው። ስለዚህ በ1958 ዲዊ፣ ሊ እና ማርስተን የተባሉ የአደሌይድ ሰዎች ከኮባልት ኦክሳይድና ከሸክላ አፈር የተጋገረች ከባድ ጥይት መሰል ፍሬ ሠሩ። ፍሬዋ ከክብደቷ የተነሣ ከበጉ ሁለተኛ ሆድ ግርጌ ትቀመጣለች፤ ከዚያም ከመኖው ጋር ሳትወጣ ኮባልቱን በጥቂት በጥቂቱ ትለቃለች። ብዙም ሳይቆይ ግን አንዳንዶቹ ፍሬዎች የኖራ ቅርፊት እየለበሱ መሥራት አቆሙ። መላው ምን ሆነ መሰላችሁ? ከፍሬዋ ጋር አንዲት ትንሽ የብረት ብሎን ማስዋጥ! በጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብሎኗ ፍሬዋን እየፋቀች ቅርፊቱን ታነሣለች። በበግ ሆድ ውስጥ የተተከለች ወፍጮ ማለት ናት። ስንት ውድ መሣሪያ ከውጭ አስመጥተን ከምናበላሽ ይኽን የመሰለ ሐሳብ ቢመጣልን እላለሁ።

የመርዙ ማንነት ተለይቶ የታወቀው በ1964 ነው። ከልቬነርና ባልደረቦቹ ዲኤምቲን፣ 5-ሜቶክሲ-ዲኤምቲንና ቡፎቴኒንን ከፋላሪስ ለይተው አወጡ። በዚያው ዓመት ጋላገርና ጓደኞቹ እነዚህን ውህዶች ለበጎች በመርፌ ሰጥተው በመስክ የሚታየውን መንቀጥቀጥና መውደቅ በዓይናቸው አዩ። ከእነርሱ አስቀድሞ በ1958 ዊልኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ከዘመዱ ከፋላሪስ አሩንዲናሲያ አንድ የቅርብ ዘመድ የሆነ አልካሎይድ አውጥቶ ነበር። ከመንገድገዱ ሌላ በድንገት የሚገድል ዓይነትም አለ፤ የተራበ መንጋ ወደ ለጋ ፋላሪስ በገባ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ልብ ቀጥ ብሎ የሚሞትበት ነው። ለዚህኛው ኮባልትም አይረዳም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመለሳለሁ። አልካሎይዱ በሣሩ ውስጥ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። በለጋ ቡቃያ ላይ ይበዛል፤ ሣሩ ሲጎለምስ ይቀንሳል። ድርቅ ቆይቶ ዝናብ ሲጥል የሚያቆጠቁጠው በተለይ አደገኛ ነው። የናይትሮጅን ማዳበሪያ ያበዛዋል። ብርሃን ሲያንሰውም ይበዛል፤ በአውስትራልያ በ1960ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች በጥላ ሥር ያደገ ፋላሪስ ፀሐይ ካገኘው ይልቅ ብዙ አልካሎይድ እንደሚይዝ አሳይተዋል። የእኔን ንድፍ በዚህ ሚዛን መዝኑት። ከቦዩ በላይ ለነፋስ መከላከያ ሁለት ረድፍ ዛፍ እንዲተከል ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ዛፉም አድጎ ተዳፋቱን እስከ እኩለ ቀን ያጠላበታል። ቦዩ የሚያመጣው ጎርፍ ከላይ ከሚገኙት ማሳዎች ማዳበሪያና ፍግ ጠርጎ በሣሩ ሥር ያስቀምጣል። በድርቅ ዓመት ከሁሉ ቀድሞ የሚረጥበው ያው ተዳፋት ነው። አፈሩም ለዘመናት ታጥቦ የተራቆተ ነው። አልካሎይድ የሚያመርት ፋብሪካ ንደፍ ብባል ከዚህ የተሻለ አላደርግም ነበር።

የአሜሪካኖቹ መንገድ ሌላ ነው። ፋላሪስ አሩንዲናሲያ በሰሜናዊው የአሜሪካ ክፍል በረግረግ መሬት የሚዘራ መኖ ሲሆን፣ ከብቶች ደስ ብሏቸው እንደማይበሉትና በልተውትም እንደሚገባ እንደማይወፍሩ ገበሬው ያማርር ነበር። በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ማርተንና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ባደረጉት ምርመራ የጣዕሙም ሆነ የክብደቱ ጉድለት ከአልካሎይዶቹ ብዛት ጋር እንደሚሄድ አረጋገጡ። ትሪፕታሚንና ካርቦሊን የመሥራት ጠባይ በጥቂት ዘረ መል የሚወረስ መሆኑም ታወቀ። በዚህ መሠረት በ1985 ፓላቶንና ቬንቸር የተባሉ፣ ትሪፕታሚንም ካርቦሊንም የሌለባቸው ዝርያዎች ለገበሬ ተሠራጩ። አውስትራልያውያንም ሲሮላንን የመሰሉ የአልካሎይድ መጠናቸው ዝቅ ያለ ዝርያዎች አወጡ። እንግዲህ «ፋላሪስ» ብሎ በሥራ ዝርዝር ላይ መጻፍ «ብረት» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ስንት ቁጥር ብረት? የትኛው ደረጃ? ብረት ሲሆን ይኽን ሳይጽፍ የሚፈርም መሐንዲስ በመካከላችን የለም። እኔ ግን ሣሩን እንዲሁ ፈርሜበታለሁ፤ ዘሩን ያቀረበውም ክፍል ከረጢቱ ላይ የጻፈው ያንኑ አንድ ቃል ነው።

በአሜሪካ ዝርያዎች ውስጥ የቀረው አልካሎይድ ግራሚን ይባላል። የግራሚን ታሪክ አጭር ቢሆንም ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ሁሉ ባለዕዳው ነውና። በ1930ዎቹ በስዊድን ሀንስ ፎን ኦይለር የገብስን ዘር ጠባይ ሲመረምር ግራሚንን ከገብስ አወጣ። በዚያው ዘመን፣ በ1935፣ በሶቪየት ኅብረት ኦሬክሆፍና ኖርኪና ከመካከለኛው እስያ ሸምበቆ «ዶናክሲን» ያሉትን አልካሎይድ አወጡ፤ ግመሎች ያንን ሸምበቆ አንበላም ማለታቸው ለምርመራው ምክንያት እንደ ሆነም ይተረካል። ገብሱና ሸምበቆው የሰጡት አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ። የግራሚንን አሠራር ለማወቅ ሲጥር የነበረው ሆልገር ኤርድትማን በስሕተት መንገድ ሄዶ የሠራውን ተመሳሳይ ውህድ በምላሱ ቢቀምሰው ምላሱ ደነዘዘ። ከዚህ መደንዘዝ ተነሥቶ ተማሪው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሊዶካይንን ሠራ፤ መድኃኒቱም ከ1948 ጀምሮ በገበያ ላይ ዋለ። ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የሚያደነዝዘን መርፌ የዘር ሐረጉ ከገብስና ከሸምበቆ ይመዘዛል።

ሸምበቆን ካነሣሁ፣ የእኛው ሸምበቆ፣ አሩንዶ ዶናክስ፣ በሕንድ ሀገር በቫራናሲ ጎሳልና ባልደረቦቹ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረጉት ምርመራ በሥሩና በአበባው ውስጥ የዲኤምቲና የቡፎቴኒን ወገን የሆኑ አልካሎይዶች ተገኝተውበታል። በ1985 ደግሞ የግብጽ ተመራማሪዎች ከሸምበቆና ከዘመዱ ከፍራግሚተስ ሥር አልካሎይዶችን መዝግበዋል። ምርመራው በመሬት ውስጥ ባለው ግንድና በአበባው ላይ ስለሆነ ዋሽንት ነፊዎች አይስጉ። በጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ከዚህ ወሬ ውጭ ነው፤ ሸምበቆ ቢመስልም ከሣር ወገን አይደለም። የፍሳሽ ውሃን በሸምበቆ መደብ ለማጣራት የምትነድፉ ባልደረቦቼ ግን አንድ ነገር አስቡበት፤ ያ መደብ በናይትሮጅን የጠገበ ነው፤ የታጨደውም ሣር ለከብት ይሰጥ የሚል ሐሳብ በየሰነዱ ይታያል።

ይኽን ሁሉ ከባሕር ማዶ አምጥቼ ሳወራ አያቴ ብትሰማኝ ትስቅብኝ ነበር። ስንዴ ከማስፈጨቷ በፊት በሰፌድ ታንገዋልልና ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እንክርዳድ ስትለቅም ማየት የልጅነቴ ትዝታ ነው። «እንክርዳድ ያለበት እንጀራ ራስ ያዞራል፤ ያሰክራል» ትለን ነበር። እንክርዳድ ሣር ነው፤ ከስንዴና ከገብስ መካከል የሚበቅል፣ ፍሬው ሲታይ የሚያሳስት ሣር። በማቴዎስ ወንጌል ምሳሌ ሆኖ የተነገረው እርሱው ነው። ፈረንሳዮች የሚጠሩበት ስም ራሱ ከስካር የመጣ ነው። ሳይንስ ከአያቴ የጨመረው አንድ ትልቅ ነገር ነው። በ1898 የእንክርዳድ ፍሬ በማጉያ መነጽር ሲታይ ከቆዳው ሥር የፈንገስ ክር ተነጥፎበት ተገኘ። ዛሬ ኤፒክሎዬ ኦክልታንስ የሚባለው ይኽ ፈንገስ በሣሩ ውስጥ ተወልዶ፣ ከሣሩ ጋር አድጎ፣ በፍሬው ወደ ልጁ ይተላለፋል፤ በእንክርዳድ ውስጥ የሚገኙት ሎሊን የሚባሉ አልካሎይዶችም የእርሱ ሥራ ናቸው። ስለዚህ በፋላሪስ ሣሩ ራሱ አልካሎይዱን ሲሠራ፣ በእንክርዳድ ግን አከራይ ነው፤ የሚሠራው ተከራዩ ነው።

ከዚሁ ወገን ነገር ግን ከሣሩ ተለይቶ በራሱ ላይ ጥቁር ቀንድ የሚያወጣ ሌላ ፈንገስ አለ፤ ኤርጎት ይባላል። ይኽኛው ለሀገራችን ትዝታ ብቻ አይደለም። በ1977 እና በ1978 በወሎ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ የተቆረጡበትና የሞቱበት በሽታ ምክንያቱ በገብስ መካከል በበቀለ ሲናር ላይ የነበረ ኤርጎት ነው። በ2001 ደግሞ በአርሲ በተበከለ ገብስ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የክፉ ቀን በሽታ ነው። በጥጋብ ዘመን የሚለቀመው በረኀብ ዘመን አይለቀምም፤ በጥጋብ ዘመን በግ የማይሰማራበት ሣርም በረኀብ ዘመን ይሰማራበታል።

«ታዲያ ፋላሪስ ይነቀል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በበኩሌ አይነቀል ባይ ነኝ። ያ ቦረቦር ባይገታ ኖሮ የሚበላው አራት በግ ሳይሆን የአራት ቤተ ሰብ ማሳ ነበር፤ ይኽን ከአዛውንቱም ፊት ብናገር አያፍሩብኝም። ነገር ግን በዚያ ሰበብ ዝም ማለትም አይገባም። ከዚያ ወዲህ በምጽፈው የሥራ ዝርዝር ላይ የሣሩን ሙሉ የዝርያ ስምና የዘሩን ምንጭ እጠይቃለሁ፤ አቅራቢው ካላወቀ አልቀበለውም። ዛፍና ፋላሪስን በአንድ ተዳፋት ላይ አላገናኝም። ሰው በቅርብ በሚኖርበትና በግ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ከጨንቻ አካባቢ የተስፋፋውን ዴሾ አስቀድማለሁ፤ ፋላሪስን ውሃ ለሚተኛበትና ለሩቁ አተውለታለሁ። ከድርቅ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ሣር እስኪጎለምስ መንጋ እንዳይገባበት፣ ከዚያም በኋላ ታጭዶ ከገለባ ጋር ተደባልቆ እንጂ ብቻውን እንዳይሰጥ፣ የመንደሩ ሰው በስብሰባ ሳይሆን ቦዩ ላይ ቆሞ እንዲሰማው አደርጋለሁ። ኮባልቱን በተመለከተ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር አብሮ መሥራት ያስፈልጋል፤ እስከ ዛሬ ድረስ የተፋሰስ ንድፍ ሲገመገም አንድም የእንስሳት ሐኪም በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ አላየሁም። አፈር ሲመረመር ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይጠየቃል፤ ኮባልትም ይጠየቅ።

አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ቀርቷል። በዚያ ሥራ ውል ውስጥ ለድንጋይ ካቡና ለቁፋሮው መጠባበቂያ ገንዘብ ተይዞ ነበር። ለአራቱ በጎች ካሣ እንዲከፈል ብጠይቅ ግን የሚመዘገብበት የሂሳብ መደብ የለም ተባልኩ፤ ሣሩ በውሉ መሠረት ጸድቋልና ሥራው እንከን የለበትም። የተባለው እውነት ነው። ውሉን ያረቀቅኩት እኔ ስለሆንኩ የምከራከርበት ቃል አጣሁ። ይኽ ማኅበር የተፋሰስ ሥራ ውሎችን ናሙና እንዲያሻሽል በተደጋጋሚ ተጠይቋል፤ ሲያሻሽል በተከለው ነገር በሰውና በከብት ላይ ለሚደርስ ጉዳት አንዲት መደብ እንዲጨምር በዚህ ጉባኤ ፊት አመለክታለሁ።

ከዚያው ቦይ ያጨድኩትን ፋላሪስ ከነሥሩና ከነዛላው አድርቄ አምጥቻለሁ፤ በአጠገቡም ዴሾና አንድ እፍኝ እንክርዳድ አለ። ከአዳራሹ መግቢያ በስተግራ በሚገኘው ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጥኳቸው ለዕረፍት ስትወጡ አገላብጣችሁ ተመልከቷቸው። በየሥራ ቦታችሁ ይኽን የሚመስል ሣር ተክላችሁ እንደ ሆነና የከብት አደጋ ሰምታችሁ እንደ ሆነ፣ ከጠረጴዛው ላይ ባለው መዝገብ የወረዳውን ስም፣ ወሩንና የአፈሩን ዓይነት ጻፉልኝ።